ስሌድ ሲጎትት የሚነጥርን ፒክአፕ ማረጋጋት

ክብደት የተጫነበት ተጎታች (ስሌድ) በመጎተት ውድድር ፒክአፕ መንጠር ሲጀምር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ሾክ አብዞርበሩን ቀይሩ» የሚል ነው። አንዳንዴ ይሠራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ገንዘብ ያስወጣና ንጥረቱን እዚያው ይተወዋል። ንጥረት የሚመጣው የሆነ ቦታ የተጠራቀመ ጉልበት በድንገት ሲለቀቅ ነው። መጠራቀሚያው ባሌስትራ (ከተደራረቡ ብረቶች የተሠራ ስፕሪንግ)፣ የጎማ ጎን፣ ያለቀ ጎሚኒ (በመገጣጠሚያ ውስጥ ያለ ላስቲክ) ወይም የላላ ክሮቼራ (የካርዳን መተጣጠፊያ) ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ሁሉንም ነገር ማጠንከር ንጥረቱን ወደሚቀጥለው ለስላሳ ቦታ ማዛወር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩን ማግኘት፣ ከዚያ እሱን ብቻ መንካት ይሻላል።

ውድድሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ ስፖርቱ በብዛት ያለው በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ነው። በኦሃዮ ቦውሊንግ ግሪን ከ1967 ጀምሮ ትልቁ የትራክተር መጎተት ውድድር ይካሄዳል፤ ብሔራዊው የትራክተር ጎታቾች ማኅበር ኤንቲፒኤ ደግሞ በ1969 ተመሠረተ። ፒክአፖቹ የሚጎትቱት ስሌድ ከኋላ ጎማ አለው፣ ከፊት ግን መሬት የሚፍቅ የብረት ሰሌዳ ነው። መኪናው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር በስሌዱ ላይ ያለው የክብደት ሣጥን ከኋላ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሰሌዳውን ወደ አፈሩ ይጫነዋል። ሙሉው ርቀት ብዙ ጊዜ 300 ፊት (91 ሜትር ገደማ) ነው። ሸክሙ በየሜትሩ ስለሚጨምር በመነሻው ላይ ጸጥ ያለ መኪና መሐል ሜዳ ሲደርስ መንጠር ሊጀምር ይችላል።

እዚህ እንደ ምሳሌ የምንይዘው ከ1994 እስከ 2002 የተሠራውን ዶጅ ራም 2500 ፎር ዊል ድራይቭ ባለ 5.9 ሊትር ከሚንስ ናፍጣ ነው። ከፊት ድፍን አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ወጥ አካል) በሞላ (ጥቅል ስፕሪንግ)፣ ከኋላ ድፍን አክስል በባሌስትራ አለው። ሌሎቹ የሚለዩበትን ቦታ በየመንገዱ እንጠቅሳለን።

ጉልበቱ እንዴት ይጠራቀማል

ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር የአክስሉ ቤት በተቃራኒው ለመዞር ይገፋል። በኋላ አክስል ላይ ፒኞኑ (ካርዳኑ የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ወደ ላይ ይነሳል፤ የፊተኛው አክስል ፒኞን ወደ ኋላ ስለሚያይ ወደ ታች ይወርዳል። የኋላው አክስል ይህን ጥምዘዛ የሚቋቋምበት ከባሌስትራው በቀር ምንም የለውም። ስለዚህ ባሌስትራው ከአክስሉ በፊት ያለው ግማሹ ወደ ላይ፣ በኋላ ያለው ግማሹ ወደ ታች እየታጠፈ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ጎማው መሬቱን ለቅጽበት ሲለቅ ባሌስትራው ተፈናጥሮ ቀጥ ይላል፤ ጎማው ተመልሶ አፈሩን ሲነክስ እንደገና ይጠማዘዛል። ክሮቼራ፣ ሴሚያስ (ኃይሉን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ)፣ ኮሮና (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ማርሽ) እና ፒኞን የሚሰበሩት በዚህ መመለሻ ላይ ነው። በአየር ላይ ፍጥነት የያዘ ጎማ በድንገት ሲነክስ የሚመጣው ምት ሞተሩ ብቻውን ከሚሰጠው ጥምዘዛ በብዙ ይበልጣል።

ጎማውም እንደ ባሌስትራው ያደርጋል። ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፣ የጎማው ጎን ይሸበሸባል፣ ከዚያ ይመለሳል። ልዩነቱ ምቱ፣ ማለትም የንጥረቱ ፍጥነት፣ ነው፤ የጎማ ንጥረት ሙሉውን መኪና ይዞ ስለሚነሳ ዘገምተኛ ነው፣ የባሌስትራ ጥምዘዛ ግን አክስሉን ብቻ ስለሚያንቀጠቅጥ ፈጣን ነው። ምርመራው በሙሉ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ ቪዲዮ

በየጎማው ጎን ከጠርዝ እስከ ቸርኬው የሚያልፍ አንድ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር በቀለም አስምሩ። በኋላ አክስል ቤት ጎን ላይም ሌላ ምልክት አድርጉ። በየሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ፣ ከታችኛው ቱቦ አፍ አጠገብ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ እገዳው (ሰውነቱን በአክስሉ ላይ የሚይዘው የስፕሪንግና የሾክ ክፍል) ምን ያህል ወደ ታች እንደተጫነ ማሰሪያው ከተገፋበት ርቀት ይነበባል። ዘንጉ በላስቲክ ከተሸፈነ ሽፋኑን ለሙከራው አውልቁት።

ስልካችሁን በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጸው ዝግታ ላይ አድርጉና ከመንገዱ ጎን ከአጥር ውጭ፣ ከመነሻው 50 ወይም 60 ሜትር ላይ፣ ለመኪናው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ይቅረጽ። ከኋላ የተቀረጸ ቪዲዮ ያምራል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይጠቅምም።

ከዚያ ፍሬም ቁጠሩ። አንድ ሙሉ ንጥረት (ከላይ እስከ ላይ) ከ60 እስከ 120 ፍሬም ከወሰደ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ ማለት ነው፤ ሰውነቱና ጎማው አብረው የሚነሱ ከሆነ ምንጩ ጎማው ነው። ከ20 እስከ 30 ፍሬም ከወሰደና ሰውነቱ ብዙም ሳይንቀሳቀስ አክስሉ ብቻ የሚርገበገብ ከሆነ የአክስል ጥምዘዛ ነው፤ በአክስል ቤቱ ላይ ያደረጋችሁት ምልክት ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲዞር በዓይን ይታያል። ሦስተኛው ዓይነት የፊቱና የኋላው መፈራረቅ ነው፤ አፍንጫው ሲነሳ ቋቱ (የኋላው የጭነት ክፍል) ይወርዳል፣ እንደ ፈረስ ግልቢያ። እሱ የክብደት አቀማመጥና የፊት እገዳ ጉዳይ ነው።

የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደለቀቀ በደንብ አጣሩ። ለተመልካች ጎልቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ፊቱ ሲዘል ሕዝቡ ያያል፣ የጀመረው ግን ከሁለት ሰከንድ በፊት የኋላ ቀኝ ጎማ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ከመኪናው በፊት መንገዱን ተመልከቱ። ከእናንተ በፊት የጎተቱ ሦስት መኪኖች በአንድ ቦታ ላይ ከነጠሩ እዚያ ጭቃው ላይ የተቆረጠ ሞገድ አለ። መኪናችሁን ከመፍታት ይልቅ የጎማ ስፋት ያህል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያልፍ መስመር ምረጡ።

ልቅነትን ማስወገድ

ምንም ክፍል ከመግዛት በፊት ያለውን ማጥበቅ ግዴታ ነው። መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ሰው መሪውን በፍጥነት ግራና ቀኝ ያወዛውዝ፤ ሌላው ከፊት ሆኖ ቴስቲናዎቹን (የመሪ ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያዎቹን) እና የፊት አክስሉን በጎን የሚይዘውን ዘንግ ያስተውል። በዚህ የራም ትውልድ ላይ የዚህ ዘንግ የላይኛው ኳስ መገጣጠሚያ ቶሎ የሚያልቅ ነው፤ ከመሪው እንቅስቃሴ ጋር ሲነቃነቅ ካያችሁት ሌላውን ምርመራ ሁሉ አቁማችሁ እሱን ቀይሩ። የፊት ብራቾዎቹ (አክስሉን ወይም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ክንዶች) ጎሚኒም ከተሰነጠቀ አይታለፍም።

ቀጥሎ ከኋላ ጎማዎቹ ጀርባና ፊት ታኮ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ካምቢዮውን ፍሪ አድርጉና ካርዳኑን (ኃይሉን ወደ አክስሉ የሚወስደውን ዘንግ) በእጅ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ጠምዝዙት። የኮሮናና የፒኞን የጥርስ ክፍተት ትንሽ እንቅስቃሴ ይሰጣል፣ ያ ጤነኛ ነው። ክሮቼራው ውስጥ ግን በዓይን የሚታይ ምንም ልቅነት መኖር የለበትም። ረጅም አካል ያላቸው መኪኖች ካርዳናቸው ሁለት ቁራጭ ነው፤ መሐሉን የሚይዘው ኩሽኔታ በላስቲክ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ላስቲኩ ሲደክም ካርዳኑ ራሱ ይዘላል።

ከዚያ ባሌስትራው አክስሉ ላይ የሚቀመጥበትን ቦታ በባትሪ መብራት ተመልከቱ። በዩ-ቦልቶቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት በዩ ቅርጽ የታጠፉ ቡሎኖች) ሥርና በባሌስትራ ማረፊያው ጠርዝ ላይ የተቃጠለ ቡና የመሰለ ቀይ ጥሩ ዱቄት ካለ ሁለት ብረቶች ሲፋጩ ከርመዋል ማለት ነው። ዩ-ቦልቱ ላልቷል፣ ወይም ባሌስትራውን የሚያማክለው ቡሎን ተቆርጧል። የተፈታ ዩ-ቦልት መልሶ አይታሰርም፤ አንዴ ተስቧልና አዲስ ግዙ። ሲታሰር መኪናው በጎማው ላይ ይቁም፤ ዳዶዎቹን በመስቀልያ ቅደም ተከተል፣ በሦስት ዙር፣ አምራቹ ለዚያ ውፍረት በሰጠው የጥብቀት ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ።

ጎማ

ፒክአፑ በፎር ዊል ሲጎትት ፊትና ኋላ በአንድ ላይ የተቆለፉ ናቸው። የፊቱና የኋላው ጎማ በአንድ ዙር እኩል መሬት ካልሄዱ በመካከላቸው ያለው ዘንግ ሁሉ ይጠመዘዛል። ልዩነቱ አንድ በመቶ ብቻ ቢሆን በ300 ፊት ውስጥ አንዱ አክስል ከሌላው 3 ፊት (ወደ 90 ሴንቲሜትር) መቅደም ይፈልጋል። ይህ ጥምዘዛ የሚለቀቀው አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ነው፣ በመንጨት። ስለዚህ አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ አንድ ቁጥርና አንድ ያለቁበት ደረጃ ይሁኑ። ለመለካት መኪናው ክብደቱን በሙሉ ይዞ በሲሚንቶ ላይ ቁሞ ጎማውና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ አንድ ሙሉ ዙር ግፉት፣ ርቀቱን በሜትር ለኩ። የአክስሎቹ የማርሽ ምጥጥንም አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ ያገለገለ ዲፈረንሻል የተገጠመለት መኪና ላይ ይህ ችግር ከሚገመተው በላይ ይገኛል።

የንፋስ ልክ ላይ ብዙ ሰው ሁሌም ዝቅ ማድረግን ይመርጣል፤ የጎማው የመሬት ንክኪ ይሰፋል ብሎ። እውነት ነው፣ ግን ጎኑም ይለሰልሳል። ለ3,600 ኪሎ መኪና ተራ የፒክአፕ ጎማ ሲገጠም ከፊት 35፣ ከኋላ 30 ፒኤስአይ ምክንያታዊ መነሻ ነው። ቪዲዮው ዘገምተኛውን ንጥረት ካሳየ የኋላውን እንዳለ ትታችሁ የፊቱን በ2 ፒኤስአይ እየጨመራችሁ እስከ 6 ድረስ ሂዱ። ይህ ከእርሻ ትራክተር የመጣ ልምድ ነው፤ የፊቱና የኋላው ጎማ አንድ ዓይነት ምት ሲኖራቸው እርስ በርስ ይደጋገፋሉ፣ አንዱ ሲጠነክር ምታቸው ይለያይና ንጥረቱ አቅም ያጣል። የፊቱ ካልሠራ ወደ መነሻው መልሱና የኋላውን ሞክሩ። ሁለቱንም አብሮ መጨመር ምታቸውን እንደነበረ ስለሚተወው ብዙ አይረዳም።

ከእያንዳንዱ ጉተታ በኋላ ነጩን መስመር እዩ። በጎማው ላይ ያለውና በቸርኬው ላይ ያለው ከተለያዩ ጎማው ቸርኬው ላይ ዞሯል፤ ንፋሱ ለዚያ መኪና በጣም አንሷል። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ደግሞ በፍጹም አትለፉ።

የኋላ አክስል፦ መመከቻ ዘንግ

ፈጣኑን ንጥረት የሚገድለው ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚሄድ መመከቻ ዘንግ ነው፣ በየጎኑ አንድ። ዘንጉ የአክስሉን ቤት ጥምዘዛ ከባሌስትራው ላይ ወስዶ ለሻንሲው ያስረክባል።

ርዝመቱ ላይ አትቆጥቡ። አጭር ዘንግ አክስሉ ከፍና ዝቅ ሲል ጠባብ ቅስት ይሠራና ባሌስትራውን ይታገላል። ከ125 እስከ 150 ሴንቲሜትር ጥሩ ነው፤ የፊት ጫፉ ከካምቢዮው ጀርባ ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሣጥን) አካባቢ ይደርሳል። ቱቦው 2 ኢንች የውጭ ስፋትና ሩብ ኢንች (6 ሚሊሜትር ገደማ) ውፍረት ያለው፣ ያለ ስፌት ወይም በቀዝቃዛ የተሳበ ብረት ይሁን። የውሃ ቧንቧ ለዚህ አይሆንም፤ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍም መሬት ሊሰካ ይችላል። ጫፎቹ ላይ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች (19 ሚሊሜትር) ኳስ መገጣጠሚያ፣ አንደኛው በቀኝ ሌላው በግራ ጥርስ፣ ስለዚህ ቱቦውን በማዞር ብቻ ርዝመቱ ይስተካከላል። ቡሎኖቹ ግሬድ 8 (ከፍተኛ ጥንካሬ ያላቸው) ይሁኑ። መኪናው በቆመበት ከፍታ ዘንጉ ከመሬት ጋር ትይዩ ቢሆን ይመረጣል።

መያዣዎቹን አክስል ላይ ስትበይዱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለቱንም ባትሪዎች ፍቱ። የብየዳውን መሬት ሽቦ ከምትበይዱበት ቦታ በእጅ ስፋት ርቀት ውስጥ እሰሩ፤ በሻንሲው ወይም በጎማው ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ ያልፍና ያቃጥላቸዋል። መሐል ያለው ትልቁ ቤት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ (ካስት) ብረት ስለሆነ እዚያ ላይ አትበይዱ፣ በቱቦዎቹ ላይ ብቻ። አንዴ 3 ሴንቲሜትር በይዱ፣ ወደ ሌላው ጎን እለፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ቱቦ ይጣመማል፤ የተጣመመ ቱቦ ሴሚያሱን በየዙሩ ያጥፈዋል።

የመጨረሻው ማስተካከያ መኪናው በጎማው ላይ፣ ተጨማሪ ክብደቱ ተጭኖ፣ ሾፌሩ ተቀምጦ ነው። በዚያ ሁኔታ ቡሎኑ ሳይመታ በእጅ እስኪገባ ድረስ የዘንጉን ርዝመት አስተካክሉ። በመዶሻ የገባ ቡሎን ካለ አክስሉ ገና ከመነሻው ተጠምዝዟል። የፒኞኑንም ማዕዘን ለኩ፤ ሲጫን ወደ ላይ ስለሚነሳ በቆመበት ከካርዳኑ መስመር አንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ሲጎትት ይቃናል።

የኋላውን ማገድ

በብዙ የውድድር ክፍሎች የኋላ እገዳን በብረት መዝጋት ይፈቀዳል፤ በአንዳንድ የመደበኛ መኪና ክፍሎች ግን እገዳው መንቀሳቀስ አለበት ይላል ደንቡ። ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትወዳደሩበትን ክፍል የዚያን ዓመት ደንብ አንብቡ።

ማገዱ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። ባሌስትራው ጉልበት እንዳያጠራቅም ያደርጋል፤ ቋቱ እንዳይሰምጥም ያደርጋል። ቋቱ ሲሰምጥ መንጠቆው (የስሌዱ ሰንሰለት የሚታሰርበት) አብሮ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይነሳል፣ ሰንሰለቱ ይላላል ይጠብቃል፣ እሱም ራሱ ንጥረት ይቀሰቅሳል።

ማገጃውን ከ3 በ3 ኢንች አራት ማዕዘን ቱቦ፣ ሩብ ኢንች ውፍረት፣ ከታችና ከላይ በ10 ሚሊሜትር ሰሌዳ የተዘጋ አድርጋችሁ ሥሩ። በአክስሉ ማረፊያና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት ክብደቱ ሁሉ ተጭኖ ለኩ። ሁለቱ ጎን በ1.5 ሚሊሜትር ውስጥ እኩል ይሁኑ፣ አለዚያ መኪናው ያዘነብልና አንዱ ጎማ ሁልጊዜ ቀላል ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ማገጃው ወደ ላይ መውጣትን ብቻ ይከለክላል፤ አክስሉ ወደ ታች ለመውረድ አሁንም ነፃ ነው። ሰውነቱ ትንሽ ሲነሳ አክስሉ ከማገጃው ይለያል፣ ሲመለስ ብረት በብረት ይመታል። በቪዲዮ ላይ ይህ ከቀድሞው የባሰ ንጥረት ሆኖ ይታያል፤ ባለቤቱም «ማገድ አይሠራም» ብሎ ያወጣዋል። መፍትሔው ወደ ታች የሚከለክል ሰንሰለት ወይም በጥርስ የሚጠብቅ ማሰሪያ አክስሉንና ሻንሲውን እንዲያያይዝ ማድረግ ነው፣ በማገጃው ላይ ምንም ክፍተት እስከማይቀር ጠብቆ። በመንገድም የሚነዳ መኪና ከሆነ ማሰሪያውንና ማገጃውን ከውድድሩ ሜዳ ሳትወጡ አውልቁ።

ፊት

ሰንሰለቱ ሲወጠር ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፊት ሞላ ይህን እድል ተጠቅሞ ይረዝማል፣ አፍንጫውን ወደ ላይ ይገፋል። እዚህ የሚያስፈልገው ሞላውን ማጠንከር አይደለም። የሚያስፈልገው መርዘሙን መገደብ ነው።

ድፍን አክስል ላይ በየጎኑ አንድ ገደብ ማሰሪያ በአክስሉና በሻንሲው መካከል አድርጉ፤ በቆመበት ከፍታ ልክ እንዲወጠር። የናይለን ማሰሪያ ሲጫን በየ30 ሴንቲሜትሩ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ይሳባል፤ የ40 ሴንቲሜትር ማሰሪያ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ይሰጣል ማለት ነው። ይህን ቀንሳችሁ እሰሩ ወይም ሰንሰለት ተጠቀሙ። ሾክ አብዞርበር የሚገባው እዚህ ነው፤ የመርዘሚያ ጥንካሬው የሚስተካከል ከሆነ የፊቱን ሁለት ሁለት ደረጃ እየጨመራችሁ ሞክሩ።

ከ2001 ጀምሮ ያሉት ሸቭሮሌና ጂኤምሲ 2500 ኤችዲ ከፊት ድፍን አክስል የላቸውም፤ እያንዳንዱ ጎማ በራሱ ብራቾ ላይ ነው፣ በቶርሽን ባር (ሲጠማዘዝ እንደ ስፕሪንግ የሚሠራ ዘንግ)። በእነሱ ላይ አፍንጫው ሲነሳ የጎማዎቹ አቅጣጫ ይቀየራል፣ ቀጭኑ የመሪ ዘንግም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ የመሪ ዘንጎቹን በወፍራም ቱቦ ማጠናከር የመጀመሪያው ሥራ ነው፣ ብራቾውን መገደብ ይከተላል። ከ1999 እስከ 2004 ያለው ፎርድ ሱፐር ዱቲ ደግሞ ከፊትም ባሌስትራ ስላለው ከፊትም ይጠማዘዛል፤ ለኋላው የተባለው የመመከቻ ዘንግ አስተሳሰብ በተቃራኒ አቅጣጫ ለፊቱም ይሠራል።

ክብደትና መንጠቆ

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሰንሰለቱ ጉተታ ሲባዛ በመንጠቆው ከፍታ፣ ሲካፈል በሁለቱ አክስሎች ርቀት፣ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ክብደት ይሰጣል። በብዙ የፒክአፕ ክፍሎች የመንጠቆ ከፍታ ጣሪያው 26 ኢንች (66 ሴንቲሜትር) ነው። ጉተታው 2,300 ኪሎ፣ የአክስሎቹ ርቀት 3.52 ሜትር ቢሆን ወደ 430 ኪሎ ከፊት ይነሳል። መኪናው 8,000 ፓውንድ (3,630 ኪሎ) ሆኖ ቆሞ ሳለ ፊቱ 60 በመቶ ከያዘ ሲጎትት ፊት 1,750፣ ኋላ 1,880 ገደማ ይሆናል፤ የሚፈለገውም እንዲህ ያለ መቀራረብ ነው። በቆመበት እኩል ለእኩል ከተከፈለ ግን ፊቱ ወደ 1,385 ይወርዳል፣ ኋላው 2,245 ይሆናል። ቀላል ፊት ከባድ ሞተር ኃይል ሲሰጠው ይዘላል።

ሰንሰለቱ ወደ ታች የሚያዘነብል ከሆነ ጉዳቱ ይጨምራል። መንጠቆው ከኋላ አክስል መሐል 112 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ከሆነና ወደ ታች የሚጫነው 300 ኪሎ ቢሆን ፊቱ ተጨማሪ 95 ኪሎ ያጣል። አፍንጫችሁ የሚዘል ከሆነ መንጠቆውን በአንድ ኢንች ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ከአንድ አዲስ ሾክ አብዞርበር ይበልጥ ይረዳል፤ የኋላ ጫና ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን መንጠሩን ያቆመ መኪና ያንን ያካክሳል።

ከፊት የሚንጠለጠለው ክብደት መያዣ ጥብቅ ይሁን። መያዣው ከሻንሲው ጫፍ ብቻ ተነስቶ ወደ ፊት ከረዘመ ክብደቱ ይወዛወዛል፣ ውዝውዙም ንጥረቱን ይመግባል። ከላይና ከታች የተያያዘ፣ በሰያፍ ብረት የተደገፈ ይሁን፤ ክብደቶቹም በቡሎን ተወጥረው ይያዙ፣ ሲነኩ የሚንኳኩ አይሁኑ። መኪናውን በአራት ጎማ ሚዛን ላይ ስታወጡ ሾፌሩና ነዳጁ አብረው ይመዘኑ።

መነሻና መሪ

ሰንሰለቱን በዝግታ ወጥሩ። ስሌዱ ሳይነቃነቅ ሰንሰለቱ ቀጥ ሲል ነዳጁን በአንድ ወጥ ጭማሪ ስጡ። ልል ሰንሰለት ላይ ተስፈንጥሮ መነሳት ሁሉንም ባሌስትራና ጎማ በአንድ ምት ይጭናል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ንጥረት ምንም ዘንግ አያቆመውም። መሐል ላይ ከጀመረ ፔዳሉን እያነሱ እየረገጡ መጫወት ምቱን ያጎላዋል። በትንሹ ቀንሱና ያዙት፤ በሁለትና ሦስት ንጥረት ውስጥ ካልረገበ ልቀቁ። ጥቂት ሜትር ማጣት ትራንስፈር ከማጣት ይሻላል።

ሙከራ የሚደረገው ስሌድ ባለበት የልምምድ ቀን ነው። በገመድ ወይም በተራ መንጠቆ ትራክተር አስሮ መሞከር ሰው ይገድላል። ሰንሰለቱ መስመር ላይ ማንም አይቁም፣ የሞተር ማጥፊያው ኬብል ስሌዱ ላይ ይታሰር፣ ክሮቼራዎቹም በብረት ሽፋን ይከለሉ።

በአንድ ጉተታ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፦ መጀመሪያ ንፋስ፣ ቀጥሎ የመንጠቆ ከፍታ፣ ከዚያ ክብደት፣ በመጨረሻ ብየዳ የሚጠይቁት። ነፃ የሆኑት ቀድመው ያልቁ። ለእያንዳንዱ ጉተታ የአራቱን ጎማ ንፋስ፣ የመንጠቆውን ከፍታ፣ የፊትና የኋላ ሚዛን፣ ንጥረቱ የጀመረበትን ርቀትና በቪዲዮ የተቆጠረውን ፍሬም በደብተር ጻፉ፤ የአፈሩንም ሁኔታ፣ እርጥብ ወይስ የላላ ደረቅ። አዲስ ዩ-ቦልት ወይም አዲስ መያዣ ከገባ ከመጀመሪያው ጉተታ በኋላ፣ ብረቱ ሲበርድ፣ ሁሉንም ዳዶ በቶርክ ቁልፍ ድጋሚ ፈትሹ፤ የብየዳውን ጠርዝም በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ።